መዝገብ ቤቱ ስለምን ዘገየ?

ጨርሶ የተበላሸ ዕቃ እያዘገመ ከሚሠራ ዕቃ ይሻላል ብል፣ አንባቢ ሆይ፣ ይደነቁ ይሆናል። ነገር ግን እውነት ነው። ሬዲዮኑ ጭጭ ካለ ለጠጋኝ ይሰጣል፤ ቧንቧው ከፈነዳ ውሃው ተዘግቶ ሠራተኛ ይጠራል። ሰውን የሚያደክመው የሚሠራ ሆኖ እየተጎተተ የሚሠራው ዕቃ ነው። «ተበላሽቷል» እንዳይሉት ይሠራል፤ «ደኅና ነው» እንዳይሉት ዕድሜዎን ይበላል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚያገለግሉ ከሆነ ይኸን ጠባይ ከመዝገብ ቤት ያውቁታል። ፋይሉ አልጠፋም፤ አለ። ተላላኪውም ሊያመጣው ሄዷል። ሆኖም ረፋዱ አልፎ የምሳ ሰዓት ሲደርስ እርስዎ አሁንም እጅዎን አጣጥፈው በሩን ይመለከታሉ።

ዛሬ ላጫውትዎ ያሰብሁት ግን ስለ መሥሪያ ቤቱ ሳይሆን በየቤታችን እየገባ ስላለው ትንሽ መዝገብ ቤት ነው። ፈረንጆቹ አሳጥረው «ናስ» ይሉታል። ነገሩ ጥልቅ ምሥጢር የለውም፤ አንድ ወይም ሁለት ሃርድ ዲስክ በሆዱ የያዘ፣ ከቤቱ ራውተር ጋር በገመድ የተያያዘ ትንሽ ኮምፒዩተር ነው። የቤተ ሰቡ ፎቶግራፍ፣ የሠርጉ ቪዲዮ፣ የልጆቹ የትምህርት ጽሑፍ፣ መዝሙሩም ዘፈኑም በዚያ ይቀመጣል፤ ሳሎን ያለው በቴሌቪዥን፣ መኝታ ቤት ያለው በስልክ ከዚያው ከአንዱ ሣጥን ይቀዳል። አንዳንዱ ሰው ተሠርቶ ያለቀለትን ይገዛል። ሌላው ደግሞ ራስበሪ ፓይ በምትባለው፣ ከመዳፍ በማትበልጥ ኮምፒዩተር ላይ ዲስክ ሰክቶ በርካሽ ያቋቁማል። አሮጌ ኮምፒዩተር ያለውም ለዚሁ ሥራ ሊያውለው ይችላል፤ እንዲያውም እኔ ይኸን አብልጬ እወደዋለሁ።

በቅርቡ የዚህ ሣጥን መዘግየት በአክስቴ ቤት ብርቱ ጉዳይ ሆኖ አገኘሁት። ባለቤታቸው፣ ሁላችን ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ ከማረፋቸው በፊት የልጅነታቸውን ታሪክና የአያቶቻቸውን ስምና አገር እያወጉ በቪዲዮ ተቀርጸው ነበር። ከዚህ በቀር የሠርጋቸው ካሴት ተገልብጦ፣ የአልበሙም ፎቶግራፍ አንድ በአንድ ተነሥቶ ሁሉም በዚያ ሣጥን ተከማችቷል። በጠቅላላው 400 ጊጋባይት ያህል ይሆናል። በዋሽንግተን የምትኖረው ልጃቸው ለቀብሩ አልደረሰችም። ለሙት ዓመቱ መጥታ እሑድ ሌሊት ልትመለስ፣ ዓርብ ማታ ላፕቶፗን ከፍታ መገልበጥ ጀመረች። ኮምፒዩተሩም የሚቀረውን ጊዜ ሲናገር 37 ሰዓት አለ። በዚያ ሠፈር መብራት 37 ሰዓት ሳይጠፋ ይቆያል ብሎ የሚምል ሰው ማግኘት ያስቸግራል። በኢንተርኔት ይላክላት ያለም ነበር፤ ያ ግን ከዚህም የባሰ ቀርፋፋ መንገድ ነው። የዕቃው ሻጭ በስልክ ቢጠየቅ፣ ሣጥኑ አርጅቷልና አዲስ ግዙ አለ። አክስቴ ግን ያስጨነቃቸው ገንዘቡ አልነበረም። «ልጄ፣ ይኸ ሣጥን አንድ ነገር ቢሆን የጋሼህ ድምፅ ከወዴት ይገኛል?» አሉኝ።

ጥያቄያቸው ከሻጩ ምክር ይልቅ የበሰለ ነበር። ምክንያቱም የመገልበጥ መዘግየት አንዳንድ ጊዜ የዲስኩ ሕመም ምልክት ነው። የታመመ ዲስክ አንዱን ሥፍራ ማንበብ ሲያቅተው ደግሞ ደጋግሞ ይሞክራል፤ በውጭ ላለው ሰው ግን ይኸ ድካም ዝግታ ሆኖ ብቻ ይታየዋል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚታየው የዲስኩ ጤንነት ነው። ዘመናዊ ዲስክ «ስማርት» የሚባል የራሱን የጤና መዝገብ ይይዛል፤ የሣጥኑን መቆጣጠሪያ ገጽ ከፍተው ያነቡታል። ተበላሽተው በሌላ የተተኩ ሥፍራዎች ቁጥር ከቀን ወደ ቀን የሚጨምር ከሆነ፣ አንባቢ ሆይ፣ ምርመራውን ይተዉት። ፍጥነቱን ለማሻሻል ሲሞክሩ ዲስኩ ሊያርፍብዎ ይችላል። ምንም ቢያዘግም መተኪያ የሌለውን አስቀድመው ይገልብጡ።

የአክስቴ ሣጥን ዲስኮች ጤነኞች ነበሩ። ሆኖም የጋሼ ንግግር 6 ጊጋባይት ብቻ ስለ ነበረ ሌላው ሁሉ እንዲቆም አድርገን አስቀድመን እሱን አሳለፍን። በዘገምተኛው መንገድም ቢሆን በግማሽ ሰዓት ገደማ አለቀ። አክስቴም ከዚያ በኋላ ቡና እንዲፈላ አዘዙ።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። የዚህ ሥራ ግማሹ ሒሳብ ነውና እንዳይሰለቹብኝ እለምናለሁ። የገመድና የራውተር ፍጥነት የሚነገረው በቢት ነው፤ ፋይል ሲገለበጥ ኮምፒዩተሩ የሚያሳየው ግን በባይት ነው። 8 ቢት አንድ ባይት ይሆናል። በሴኮንድ 1000 ሜጋቢት፣ ማለት አንድ ጊጋቢት፣ የተባለው መንገድ ለ8 ሲካፈል 125 ሜጋባይት ነው። ከዚህም ላይ ለእያንዳንዱ ቁራጭ አድራሻ የሚጻፍበት ፖስታ አለና የርሱ ክብደት ሲቀነስ በተግባር ከ110 እስከ 115 ድረስ ይታያል። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የተባለው መንገድ ደግሞ 12 ተኩል ይሆንና በተግባር 11 ወይም 12 ላይ ይቆማል። ይኸን ያወቀ ሰው ቁጥሩን አይቶ ብቻ በሽታውን ይገምታል። ፍጥነቱ ወጣ ገባ ሳይል 11 ላይ ጸንቶ ከቆመ አንድ ቦታ 100 ሜጋቢት የሆነ ማነቆ አለ ማለት ነው። በ30 እና በ40 መካከል የሚዋዥቅ ከሆነ አሮጌውን ዓይነት የዩኤስቢ መሰኪያ መጠርጠር ይገባል፤ ዩኤስቢ 2 በወረቀት ላይ 480 ሜጋቢት ቢባልም በተግባር ከዚህ ብዙም አያልፍም። የአክስቴ ልጅ ላፕቶፕ ያሳይ የነበረው ግን 3 ብቻ፣ እሱም ከፍ ዝቅ እያለ ነበር። ከፍ ዝቅ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ አየሩ ነው።

አየሩ ስል ዋይፋዩን ማለቴ ነው። ዋይፋይ በአንድ አዳራሽ ውስጥ በተራ እንደሚናገሩ ሰዎች ነው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ማለት አለበት። 2.4 ጊጋኸርትዝ የሚባለው ሞገድ ግድግዳ አልፎ ሩቅ ይደርሳል፤ ነገር ግን ጠባብ ነው፤ በኮንዶሚኒየም ደግሞ የላዩም የታቹም ጎረቤት ራውተር በዚያው ይጮኻል። እርስ በርሳቸው የማይጋፉት መስመሮች 1፣ 6 እና 11 የተባሉት ሦስቱ ብቻ ናቸው። 5 ጊጋኸርትዝ የሚባለው ሰፊና ፈጣን ሆኖ ሳለ ግድግዳ ያደክመዋል። ሣጥኑም ላፕቶፑም ሁለቱም በዋይፋይ የተያያዙ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ቁራጭ አየሩን ሁለት ጊዜ ያቋርጣል፤ አንድ ጊዜ ከሣጥኑ ወደ ራውተሩ፣ ሁለተኛ ከራውተሩ ወደ ላፕቶፑ። ሣጥኑን በገመድ ማሰር ብቻውን ትልቅ ለውጥ የሚያመጣው ስለዚህ ነው።

የምርመራው ዘዴ መንገዱን እየከፈሉ መሞከር ነው። ፋይሉ ከሣጥኑ ዲስክ ይነሣል፤ በሣጥኑ ኮምፒዩተር እጅ ያልፋል፤ በገመድ ወደ ራውተሩ ይሄዳል፤ ከራውተሩ በገመድ ወይም በአየር ወደ ላፕቶፑ ይመጣል፤ በመጨረሻም በላፕቶፑ ዲስክ ላይ ይጻፋል። ከነዚህ አንዱ ብቻ ቢደክም ሁሉም በርሱ እርምጃ ይሄዳል። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ለውጦ መሞከር ከንቱ ድካም ነው፤ ቢፈጥን እንኳ የትኛው እንዳፈጠነው አይታወቅምና። ዲስኩን ሳይነኩ መንገዱን ብቻ ለመለካት የሚያስችል አይፐርፍ የተባለ በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም አለ። በሁለቱም ጫፍ ላይ ይከፈትና ከአንዱ ኮምፒዩተር ማስታወሻ ወደ ሌላው ባዶ ጭነት ይልካል። እሱ ፈጥኖ ፋይሉ ከዘገየ ጥፋቱ የዲስኩ ወይም የሣጥኑ ነው፤ እሱም ከዘገየ የመንገዱ ነው።

እኛም መጀመሪያ ያደረግነው ላፕቶፑን ከአየር አውጥተን በገመድ ከራውተሩ ጋር ማገናኘት ነበር። እንደ ዛሬዎቹ ስስ ላፕቶፖች የገመድ ቀዳዳ ስላልነበረው የዩኤስቢ 3 መጋጠሚያ ከጓደኛዬ ተዋስሁ። ወዲያውኑ 3 የነበረው 11 ሆነ። ልጅቱ በደስታ እጇን አጨበጨበች፤ 37 ሰዓቱ ወደ 10 ሰዓት ወርዷልና። እኔ ግን 11 የምትባለዋን ቁጥር ሳይ ሌላ ማነቆ እንዳለ ገባኝ። ራውተሩ ጊጋቢት መሆኑ በጀርባው ተጽፏል፤ ሣጥኑም ጊጋቢት ነው። የሣጥኑ መቆጣጠሪያ ገጽ ሲከፈት ግን «100» ይላል።

ይኸን ለመረዳት የገመዱን ታሪክ ጥቂት ማንሣት ይገባል። ኮምፒዩተሮችን በአንድ ቤት ውስጥ የሚያያይዘውን ኤተርኔት የተባለውን ሥርዓት በፈረንጅ አቆጣጠር በ1973 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ሮበርት ሜትካፍና ዴቪድ ቦግስ ጀመሩት። የመጀመሪያው ፍጥነት በሴኮንድ 2.94 ሜጋቢት ነበር። በ1995 ዓ.ም. 100 ሜጋቢት ደረሰ፤ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ በተራ የመዳብ ገመድ አንድ ጊጋቢት የሚያስኬደው ደንብ ወጣ። በገመዱ ውስጥ ሁለት ሁለት እየሆኑ የተጠማዘዙ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። የ100 ሜጋቢቱ ሥርዓት ከስምንቱ በአራቱ ብቻ ይሠራል፤ ጊጋቢቱ ግን ስምንቱንም ይፈልጋል። ሁለት ዕቃዎች በገመድ ሲገናኙ አስቀድመው ይነጋገሩና የሚስማሙበትን ፍጥነት ይመርጣሉ። ጊጋቢቱ ብቻ ከሚፈልጋቸው ከቀሩት አራት ሽቦዎች አንዱ ቢቆረጥ ብዙዎቹ ዕቃዎች ጠብ ሳይፈጥሩ ወደ 100 ወርደው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ማስጠንቀቂያም አይሰጡም። ይኸ ትሕትናቸው ነው ባለቤቱን ለብዙ ጊዜ የሚያታልለው።

በአክስቴ ቤት ገመዱ ከራውተሩ ተነሥቶ በምንጣፍ ሥር አልፎ ወደ ሣጥኑ ይሄዳል። በመካከሉ ባለ ሦስት መቀመጫው ሶፋ አለ። ሶፋውን አንሥተን ስናይ አንዱ እግር በትክክል በገመዱ ላይ ቆሟል፤ ገመዱም እንደ ጠፍር ተጠፍጥፏል። በዚያ ሶፋ ላይ ለልቅሶም ለደስታም ስንት እንግዳ እንደ ተቀመጠ እግዜር ያውቃል። አዲስ ገመድ በግድግዳው ጥግ አዙረን ስናያይዝ መቆጣጠሪያ ገጹ «1000» አለ፤ የመገልበጡም ፍጥነት 110 ሆነ። አዲስ ሣጥን ተገዝቶ ቢሆን ኖሮ በዚያው በተጠፈጠፈ ገመድ ላይ ይሰካ ነበርና 11 ሆኖ ይቀር ነበር። ሻጩን ለማማት አይደለም፤ ከሱቁ ሆኖ የሶፋውን እግር ሊያይ አይችልም። ነገር ግን ሳያዩ መድኃኒት ማዘዝ ደግ ልማድ አይመስለኝም።

340 ጊጋባይት የሚሆነው ቪዲዮ በአንድ ሰዓት ውስጥ አለፈ። ቀጥሎ የመጣው 50 ጊጋባይት ፎቶግራፍ ነው፤ ከቪዲዮው ሲሶ እንኳ አይሞላም፤ ነገር ግን የቪዲዮውን ያህል ጊዜ ወሰደ። ልጅቱ ገመዱ እንደገና ተበላሸ ብላ ደነገጠች። አልተበላሸም። ፎቶግራፎቹ 60 ሺህ ያህል ነበሩ። እንደገና መዝገብ ቤቱን ያስቡት። አንድ ወፍራም ፋይል ለማውጣት አንድ ጊዜ ተጠይቆ፣ አንድ ጊዜ ተፈርሞ፣ ተሸክሞ መሄድ ነው። የዚያኑ ፋይል ወረቀቶች አንድ በአንድ ለየብቻ ለማውጣት ቢፈለግ ግን ለእያንዳንዱ ወረቀት ጥያቄ፣ ፊርማ፣ ምልልስ ይኖራል፤ ሸክሙ ቀላል፣ ደንቡ ከባድ ይሆናል። ኮምፒዩተሩም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ፋይል ይከፈታል፣ ስሙና ቀኑ ይመዘገባል፣ ይዘጋል፤ የዲስኩም መርፌ በየሥፍራው ይዘላል። እንዲህ ባለ ጊዜ ፈጣን ገመድ ብቻውን አያድንም። ጥቃቅኑን ሁሉ በዚያው በሣጥኑ ላይ በአንድ ጥቅል ፋይል አስሮ መላክ ይረዳል፤ ብዙዎቹ ሣጥኖች በራሳቸው ገጽ ላይ ይኸን ማድረግ ይችላሉ። እኛ ግን ጊዜ ስለ ነበረን ቡናው እስኪያልቅ ጠበቅነው።

በራስበሪ ፓይ ራሱ ያቋቋመ አንባቢ ካለ ለርሱ ጥቂት ልጨምር። በ2018 ዓ.ም. የወጣችው 3 ቢ ፕላስ የተባለችው ባለ ጊጋቢት መሰኪያ ብትሆንም ውስጧ በዩኤስቢ 2 በኩል ስለሚያልፍ 300 ሜጋቢት ገደማ ላይ ትቆማለች፤ በ2019 ዓ.ም. የወጣችው 4ኛዋ ግን ሙሉ ጊጋቢት አላት። እሷም ብትሆን ከ4ቱ የዩኤስቢ ቀዳዳዎች ሁለቱ ብቻ ዩኤስቢ 3 ናቸውና ዲስኩን በሰማያዊዎቹ ይሰኩ። ዲስኩ ከዊንዶውስ የመጣና ኤን ቲ ኤፍ ኤስ በሚባለው ሥርዓት የተሰናዳ ከሆነ ሌላ ድካም አለ፤ ሊኑክስ ለብዙ ዘመን ይኸን ሥርዓት የሚጽፈው በአስተርጓሚ በኩል ነበርና ደካማውን ኮምፒዩተር ያንገላታዋል። ዲስኩ ባዶ ሳለ በሊኑክስ በራሱ ሥርዓት ማሰናዳት ይሻላል። እንደዚሁም ፋይሉን በምሥጢር ጽሕፈት እየጠቀለለ በሚልክ መንገድ ከላኩ 4ኛዋ ፓይ ለዚህ ሥራ የተለየ መሣሪያ በሆዷ ስለሌላት ይደክማታል።

ከሣጥኑ ወደ ላፕቶፕ ሳይሆን ከላፕቶፕ ወደ ሣጥን ሲገለበጥ ደግሞ ሌላ ተንኮል አለ። መጀመሪያ ላይ በታላቅ ፍጥነት ይሮጥና ከጥቂት ጊጋባይት በኋላ በድንገት ይወድቃል። የመጀመሪያው ሩጫ ማታለያ ነው፤ ሣጥኑ ፋይሉን በማስታወሻው ተቀብሎ ገና በዲስክ አልጻፈውም ነበር። አንዳንድ ዲስኮችም እንደ ጣሪያ ክፈፍ መስመሩን በመስመር ላይ እየደረቡ የሚጽፉ ናቸው፤ የተዘጋጀላቸው መቀበያ ሥፍራ ሲሞላ የጻፉትን አንሥተው እንደገና መደርደር ስለሚገባቸው እጅግ ይዘገያሉ። በ2020 ዓ.ም. አንዳንድ ፋብሪካዎች እንዲህ ያሉትን ዲስኮች ሳይናገሩ ይሸጡ እንደ ነበር ተገልጦ ብዙ ወቀሳ ደረሰባቸው። ዲስክ ሲገዙ ደራቢ መሆን አለመሆኑን ይጠይቁ።

ስለ ገንዘብ ካነሣን አይቀር፣ ደመወዛቸው ገና ጀማሪ ለሆነ አንባብያን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ብዙ ሰው ቤቱ ውስጥ ፋይል መገልበጥ ሲዘገይበት ሄዶ የኢንተርኔቱን ጥቅል ያሳድጋል። ይኸ በየወሩ ገንዘብ መጣል ነው። ከሣጥኑ ወደ ላፕቶፑ የሚሄደው ፋይል ከግቢው በር አይወጣም፤ ኢንተርኔቱ ጨርሶ ቢቋረጥ እንኳ መገልበጡ ይቀጥላል።

የመብራቱም ነገር ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ሁለት ዲስክ ያለው ሣጥን ብዙ ጊዜ አንዱን ጽሑፍ በሁለቱም ላይ ይጽፋል። በሚጽፍበት ጊዜ መብራት በድንገት ቢጠፋ፣ ሲመለስ ሁለቱን ዲስኮች ከዳር እስከ ዳር ማመሳከር ሊጀምር ይችላል፤ ይኸም ሰዓታት ይፈጃል። በዚያ ጊዜ ሁሉም ነገር ይዘገያል፤ መድኃኒቱ እስኪጨርስ መታገሥ ብቻ ነው። እጅ ካላጠረዎ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ ባትሪ ለሣጥኑም ለራውተሩም ያድርጉ። ረዥም ሥራ ሲሆን ደግሞ በመዳፊት እየጎተቱ አይገልብጡ። በዊንዶውስ ውስጥ ሮቦኮፒ፣ በሊኑክስ በ1996 ዓ.ም. አንድሩ ትሪጅልና ፖል ማከራስ ያወጡት አርሲንክ አለ፤ ሥራው ቢቋረጥ ያለፈውን ትተው የቀረውን ብቻ ይቀጥላሉ።

አዲስ ገመድ ለመግዛት የሚሄድ ሰው በጎኑ ላይ የታተመውን ፊደል ያንብብ። 5ኢ የተባለው ደረጃ እስከ 100 ሜትር ድረስ ጊጋቢትን ይሸከማል፤ ለቤት ከዚያ በላይ ደረጃ መግዛት አያስፈልግም። በጣም ርካሽ የሆነውን ግን ይጠራጠሩት፤ ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ላዩ ብቻ መዳብ የተቀባ ገመድ በገበያ ላይ አለ፤ በእጅ ሲመዝኑት ይቀልላል፣ ሲያጥፉትም ቶሎ ይሰበራል። የአክስቴን ሶፋ አሁን ሁለት ጣት ያህል ከግድግዳው ፈቀቅ አድርገን፣ ገመዱን በሚስማር ቅንጥብ ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ አድርገን አስረነዋል።